አሚር ኑርና የሐረር ግንብ

ከሐረር ከተማ አምስት ጥንታውያን በሮች አንዱ ሸዋ በር ነው። የከተማዋ ተወላጆች በቋንቋቸው አስመዲን በሪ ይሉታል። ሸዋ በር የሚለውን ስም ያገኘው ወደ ሸዋ የሚወስደው መንገድ ከዚያ የሚነሣ በመሆኑ ነው። ከበሩ ውጭ ባለው ገበያ ከገጠር የመጡ ሴቶች ማሽላውን፣ አትክልቱንና የማገዶውን እንጨት ዘርግተው ይሸጣሉ። ገዥው ይገባል፤ ሻጩ ይወጣል፤ አህያው በጭነት ይጋፋል። በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል ቆም ብሎ በሩን ከግራና ከቀኝ የያዘውን የድንጋይ ግንብ የሚያስተውል ሰው ጥቂት ነው። ጀጎል ተብሎ የሚጠራው ይህ ግንብ ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል፣ ቁመቱም አራት ሜትር ገደማ ይሆናል። በየዘመኑ ቢታደስም መሠረቱ ከተጣለ ከአራት መቶ ዓመታት በላይ አልፎታል። በሐረር ታሪክና ትውፊት እንደሚታወቀው፣ ያሠሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው።

አሚር ኑር ግንቡን ለምን እንዳሠሩና ግንቡስ ከተማዋን ከምን እንዳዳናት፣ ከምንስ ሊያድናት እንዳልቻለ ለመረዳት በቅድሚያ የከተማ ጥፋት ምን እንደሚመስል ማሰብ ያስፈልጋል። ከጥፋት ሁሉ እጅግ የሚያስደነግጠው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ሰው ከጠላት ሊሸሽ፣ ከእሳትም ሊያመልጥ ይችላል፤ የቆመባት ምድር ስትከዳው ግን መሸሻ የለውም። በ1748 ዓ.ም. የፖርቱጋል ዋና ከተማ ሊዝበን በመሬት መንቀጥቀጥ በተመታች ጊዜ ከመናወጡ የተረፈውን ከባሕር የተነሣው ማዕበል ጠረገው፤ ከማዕበሉ የተረፈውን ደግሞ ለቀናት የነደደው እሳት በላው። በአገራችንም በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሷል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ በመንቀጥቀጧ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ለመሄድ ተገደዋል፤ ንዝረቱም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል።

ከእነዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ የአንድ ከተማ ጥፋት በመጀመሪያው ምት የማያበቃ መሆኑን ነው። ቤት ከፈረሰ በኋላ ውኃ ይቋረጣል፤ ገበያ ይዘጋል፤ እህል ይጠፋል፤ ሕዝብ በአንድ ስፍራ ይታጨቃል፤ በመጨረሻም በሽታ ይገባል። በ16ኛው መቶ ዓመት ሐረርን የመታት የመሬት መንቀጥቀጥ አልነበረም። ይሁን እንጂ እንደ ሊዝበን ሁሉ ሦስት መዓት ተከታትሎ ወርዶባታል። ይኸውም ጦርነት፣ ረሃብና ወረርሽኝ ነበር። የአሚር ኑር የሕይወት ታሪክም ከእነዚህ ከሦስቱ መዓቶች ታሪክ ተለይቶ ሊነገር አይችልም።

አሚር ኑር የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም የእኅት ልጅ ነበሩ። ኢማም አሕመድ፣ በብዙዎች ዘንድ አሕመድ ግራኝ በመባል የሚታወቁት፣ በ1521 ዓ.ም. በሽምብራ ኩሬ ድል ካደረጉ በኋላ ደጋውን አገር ለብዙ ዓመታት በጦር ይዘው ቆዩ። የዚህ ሁሉ ዘመቻ መነሻና መመለሻ ሐረር ነበረች። በ1512 ዓ.ም. የአዳል ሱልጣኖች መናገሻ ከሆነች ጊዜ ጀምሮ ነጋዴው፣ የሃይማኖት ሊቁና ወታደሩ የሚገናኙባት ታላቅ ከተማ ሆና ነበር። ይሁን እንጂ የካቲት 1535 ዓ.ም. ኢማም አሕመድ በወይና ደጋ ከአፄ ገላውዴዎስና ከፖርቱጋሎች ጋር ባደረጉት ውጊያ ወደቁ። መሪውን ያጣው ሠራዊትም ተበተነ። ከዚያ ጦርነት ያመለጠው ሁሉ ቆላውን እያቋረጠ ወደ ሐረር ሲመለስ፣ ከተማዋ ብዙ ጎልማሶቿን ያጣች፣ ንግዷ የቀዘቀዘና የሚጠብቃት ኃይል የሌላት ሆና ተገኘች። ይህ የመጀመሪያው መዓት ነበር።

የኢማሙ ባለቤት ባቲ ድል ወንበራም ከጥፋቱ ተርፈው ሐረር ከገቡት መካከል ነበሩ። እኒህ ሴት የዘይላው ገዥ የመሕፉዝ ልጅ ሲሆኑ፣ በባላቸው ዘመቻ ሁሉ አብረው የዘለቁ፣ በቆራጥነታቸው የታወቁ ነበሩ። በትውፊት እንደሚነገረው፣ የባላቸውን ደም ለሚመልስላቸው ሰው ካልሆነ በቀር ለማንም ሚስት ላለመሆን ወስነው ነበር። ኑር ይህን ግዴታ ተቀብለው አገቧቸው። በ1540ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያም የሐረር አሚር ሆነው ሥልጣን ያዙ። እንግዲህ ወጣቱ አሚር ሥልጣኑን ሲረከቡ ሁለት ሸክም አብረው ተሸከሙ ማለት ነው። አንደኛው የወደቀውን ከተማ ማንሣት፣ ሁለተኛው ደም መመለስ ነበር። እነዚህ ሁለት ሸክሞች ለአንድ ትከሻ የሚስማሙ አልነበሩም። የመጀመሪያው ሰላምንና እህልን ይሻል፤ ሁለተኛው ግን ሰውንና እህልን ይፈጃል።

አሚሩ ለጥቂት ዓመታት ጦራቸውን ሲያደራጁ ቆይተው በ1551 ዓ.ም. ዘመቱ። በዚያን ጊዜ አፄ ገላውዴዎስ በዕውቀታቸውና በአስተዋይነታቸው የተመሰገኑ፣ በጦርነት የተጎዳውን አገራቸውን ለማቋቋም ደፋ ቀና የሚሉ ንጉሥ ነበሩ። መጋቢት 27 ቀን 1551 ዓ.ም. በፈጠጋር ሁለቱ ወገኖች ተጋጠሙ፤ ንጉሡም በጦር ሜዳ ወደቁ። ኑርም ደሙን መልሰዋልና ዳግማዊ ድል አድራጊ የሚል ስም ተሰጣቸው። እንደሚተረከው ከሆነ ግን ከድሉ በኋላ አሚሩ እንደ ባለ ድል ተሸልመው በፈረስ አልተመለሱም። ድሉ የእግዚአብሔር እንጂ የእኔ አይደለም በሚል ሐሳብ በአህያ ተቀምጠው ጉዟቸውን አደረጉ ይባላል።

ነገር ግን ድል አንድ ፊት ብቻ ያለው ነገር አይደለም። አሚሩ ወደ ፈጠጋር በዘመቱበት ሰሞን የንጉሡ የጦር አለቃ ሐመልማል ወደ ሐረር ዘምቶ ነበርና፣ የአዳል ሱልጣን በረካት ከተማቸውን ሲከላከሉ ሞቱ። በእሳቸውም ሞት የጥንቱ የወላስማ ሥርወ መንግሥት አከተመ። ስለዚህ በአንድ ሰሞን አንደኛው ወገን ንጉሡን፣ ሌላው ወገን ሱልጣኑን አጣ። ሁለቱም ተዳከሙ፤ አሸናፊና ተሸናፊ ሆነው ሳይሆን፣ ሁለቱም ቁስለኛ ሆነው ቀሩ ማለት ይቻላል።

በዚያው ዘመን በገዳ ሥርዓት የሚመራው የኦሮሞ ሕዝብ ከደቡብ ተነሥቶ በሰሜንና በምሥራቅ በመስፋፋት ላይ ነበር። በጦርነት የደከሙት ሁለቱ መንግሥታት ይህን እንቅስቃሴ የሚቋቋሙበት ኃይል አልነበራቸውም። የጋሞው መነኩሴ አባ ባሕርይ በ1580ዎቹ ዓ.ም. በጻፉት ታሪክ እንደምናነበው፣ የአሚር ኑር ጦር ሐዛሎ በተባለ ስፍራ ብርቱ ሽንፈት ደረሰበት። በፈጠጋር ድል ያደረገው ሠራዊት አብዛኛው በሐዛሎ አለቀ። አሚሩ ከጥቂት ሰዎች ጋር ወደ ሐረር ሲመለሱ ያገኟት ከተማ፣ ከውጭ የሚመጣባትን ኃይል በሜዳ ወጥታ ልትገጥም የማትችል ከተማ ነበረች።

አሚር ኑር በታሪክ ስማቸው እንዲቆይ ያደረገው ሥራ ከዚህ ችግር የተወለደ ነው። ሜዳውን መጠበቅ ያልቻለ ሰው ቢያንስ ቤቱን ይጠብቃል። አሚሩም ሐረርን በግንብ ለመክበብ ወሰኑ። የግንቡ ድንጋይ ከአካባቢው ተፈለጠ፤ በጭቃ እየተመረገ፣ በእንጨትም እየታሰረ ተካበ። ከግንቡ በላይ ማማዎች ተሠሩ። ግንቡም ወደ አምስት አቅጣጫ የሚከፈቱ በሮች ተደረጉለት። እነዚህም ዛሬ በአማርኛ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ተብለው ይጠራሉ። ከተማዋም በአምስቱ በሮች ስም በአምስት ሰፈር ተከፈለች። ብዙ የሐረር ሰዎች የአምስቱን በሮች ቁጥር ከአምስቱ የዕለት ጸሎቶች ጋር ያያይዙታል። በሮቹ ድሮ ሲመሽ ይዘጉ፣ ሲነጋ ይከፈቱ ነበር። በግንቡ ሥር ደግሞ ጅቦች ሌሊት ገብተው የከተማዋን ጥራጊ የሚለቅሙባቸው ጠባብ ቀዳዳዎች ይገኛሉ።

ግንቡ ለተሠራበት ዓላማ በሚገባ አገለገለ። ከውጭ የመጣ ጦር ሐረርን በቀላሉ ሊደፍራት አልቻለም። ይሁን እንጂ ከተማ በግንቡ ውስጥ ብቻ አይኖርም። የሐረር ማሽላ የሚበቅለው ከግንቡ ውጭ ነው፤ ከብቷ የሚሰማራው ከግንቡ ውጭ ነው፤ ጨውና ልብስ የሚያመጣላት ነጋዴም የሚጓዘው ከግንቡ ውጭ ነው። ገጠሩ የጦርነት ሜዳ በሆነ ጊዜ ገበሬው እርሻውን እየጣለ ወደ ከተማዋ ሸሸ። የሚበላው ሰው በዛ፤ የሚያርሰው ግን ጠፋ። ከዚህም የተነሣ ጽኑ ረሃብ ሆነ። የሐረር ዜና መዋዕል የማሽላው፣ የጨውና የከብቱ ዋጋ ምን ያህል እንደ ናረ መዝግቦ አቆይቷል። የታሪክ ጸሐፊ የገበያ ዋጋን ከነገሥታት ሞት እኩል አስፈላጊ አድርጎ መጻፉ፣ ችግሩ የቱን ያህል እንደ ከበደ ያስረዳል። ሁለተኛው መዓት ይህ ነበር።

ሦስተኛው መዓት ከሁለተኛው ተወለደ። ረሃብ ያደከመው ሰውነት በሽታን የመቋቋም ኃይል የለውም። በጠባብ ግንብ ውስጥ ነዋሪና ስደተኛ ተጨናንቆ በሚኖርበት፣ ውኃ ባነሰበትና ንጽሕና በተጓደለበት ስፍራ አንድ ሰው የያዘው በሽታ ለመንደሩ ሁሉ ይተርፋል። በእኛ ዘመን በመሬት መንቀጥቀጥ ቤታቸውን ያጡ ሰዎች በድንኳን በሚሰፍሩበት ጊዜ ሐኪሞች ከሁሉ አስቀድመው ስለ ንጹሕ ውኃና ስለ መጸዳጃ የሚጨነቁት በዚህ ምክንያት ነው። በዚያን ዘመን ግን ይህ ዕውቀት አልነበረም። ወረርሽኙ ሐረር ገባ፤ በየቤቱም ሞት ሆነ። ከጠላት ለመጠበቅ የተሠራው ግንብ ያን ጊዜ ሕዝቡን ከበሽታው ጋር አብሮ የዘጋ ግንብ ሆነ።

አሚር ኑር ረሃቡ በጸናበት ጊዜ ለሕዝባቸው ብዙ እንደ ደከሙ ይነገራል። በመጨረሻም ከዘመቻ ሲመለሱ ወረርሽኙን በከተማዋ አገኙት። ራሳቸውም በበሽታው ተይዘው በ1560 ዓ.ም. ግድም ዐረፉ። ንጉሥ በፊታቸው የወደቀላቸው፣ ከሐዛሎም እልቂት የተረፉት አሚር በመጨረሻ ድሃውን ከጌታው ሳይለይ በሚፈጀው በሽታ ሞቱ። መቃብራቸው በዚያው ባሠሩት ግንብ ውስጥ ይገኛል፤ በላዩም ጉልላት ተሠርቶበት እስካሁን በሕዝብ ዘንድ ይከበራል።

ከአሚሩ ሞት በኋላ ሐረር ከችግር አልወጣችም። ተተኪዎቻቸው እርስ በርስ በሥልጣን ተሻሙ። በ1569 ዓ.ም. የመንግሥቱ መቀመጫ ከሐረር ተነሥቶ ወደ አውሳ በረሃ ተዛወረ። ይህን ያየ ሰው ሐረር አበቃላት ሊል ይችል ነበር። መናገሻነቷን ያጣች፣ በጦርነት፣ በረሃብና በወረርሽኝ የተመታች ከተማ ወደ ፍርስራሽነት ስትለወጥ በታሪክ ብዙ ጊዜ ታይቷልና። ሐረር ግን አልጠፋችም። ቀስ በቀስም ከግንቡ ውጭ ካለው የኦሮሞ ገበሬ ጋር በገበያና በጋብቻ ተሳሰረች። ገበሬው እህሉን ይዞ በበሩ ገባ፤ ነጋዴው ጨውና ልብስ ይዞ በበሩ ወጣ። ትናንት በጦር የተፈራራ ሕዝብ በሚዛን ተገናኘ። በ1639 ዓ.ም. ሐረር ራሷን የቻለች የአሚሮች መንግሥት ሆነች። የራሷን ገንዘብ አወጣች፤ በእጅ ጽሑፎቿና በመጻሕፍት ጥረዛ ጥበቧም ታወቀች።

የአሚሮቹ መንግሥት ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ቆየ። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ሐረር ገብቶ አሥር ቀን ሲቀመጥ፣ ግንቡ ያኔም ቆሞ ነበር። በ1868 ዓ.ም. ግብጾች ከተማዋን ይዘው እስከ 1877 ዓ.ም. ቆዩባት። በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ሐረርን ከግዛታቸው ቀላቀሉ፤ አስተዳደሯንም ለራስ መኰንን ሰጡ። ከዚያ ወዲህ ከሸዋ ጋር ያለው ግንኙነት እየጠነከረ ሄደ፤ በአስመዲን በሪ በኩል የሚመላለሰውም ሰው በረከተ። በ1998 ዓ.ም. ጀጎል በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መቃብሮች እንደሚገኙ በዚያን ጊዜ ተመዝግቧል።

እንግዲህ የአሚር ኑርን ሥራ እንዴት እንመዝነው? ደም ለመመለስ ያደረጉት ዘመቻ ሁለት መንግሥታትን ይበልጥ አዳክሟል፤ ይህ ሊካድ አይችልም። ግንቡን ማሠራታቸው ግን ከተማዋን ከጥፋት አትርፏታል። ሆኖም ግንቡ ብቻውን አላዳናትም። ግንብ ጦርን ይመልስ ይሆናል፤ ረሃብን ግን አይመልስም፤ ወረርሽኝንም አያግድም። አሚሩ ያሠሩት ግንብ ጥቅሙ የተሟላው በሮች ያሉት በመሆኑ ነው። በር የሌለው ግንብ መቃብር ነው። ሐረርን ከሦስቱ መዓቶች በኋላ ያቆማት ድንጋዩ ብቻ ሳይሆን፣ ማለዳ ማለዳ በሮቹን ከፍቶ ከጎረቤቱ ጋር ለመገበያየት የቆረጠው ሕዝብ ነው።

የሐረር ሕዝብም ይህን ትምህርት የረሳ አይመስልም። አፎቻ በተባለው ማኅበሩ አማካይነት በሠርግም በሐዘንም ይረዳዳል፤ ሙታኑን በኅብረት ይቀብራል። በየዓመቱ በዓሹራ በዓል ለጅቦች ገንፎ የማቅረቡ ልማድም ከጥንት ረሃብ ትዝታ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ቤትን የሚያፈርሰው መንቀጥቀጥም ሆነ በር የሚያንኳኳው ረሃብ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ከተማን የሚያቆማት የግንቧ ውፍረት ብቻ ሳይሆን፣ በውስጧ የሚኖሩት ሰዎች እርስ በርሳቸውና ከጎረቤቶቻቸው ጋር የተሳሰሩበት ማሰሪያ ጥንካሬ ነው። በሸዋ በር የሚያልፍ ተማሪ ግንቡን ቀና ብሎ ሲያይ አሚር ኑርን ያስብ፤ ከበሩ ሥር የተዘረጋውን ማሽላ ሲያይ ደግሞ ግንቡን ለአራት መቶ ዓመታት ትርጉም የሰጠውን ሕዝብ ያስብ።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ።
1. ሐረርን የመቷት ሦስት መዓቶች ምን ምን ነበሩ? አንዱ ከሌላው ጋር የተያያዘው እንዴት ነው?
2. አሚር ኑር ሥልጣን ሲይዙ የተሸከሟቸው ሁለት ሸክሞች የማይስማሙት ለምንድን ነው?
3. በ1551 ዓ.ም. የተገኘው ድል ለሁለቱም ወገኖች ጉዳት ነበር የተባለበትን ምክንያት ግለጹ።
4. ጸሐፊው በር የሌለው ግንብ መቃብር ነው ሲል ምን ማለቱ ነው?

ለ. ለሚከተሉት ቃላት ፍች ከሰጣችሁ በኋላ በየቃሉ አንዳንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩ።
መዓት፣ ወረርሽኝ፣ መናገሻ፣ ትውፊት፣ ዜና መዋዕል፣ አከተመ

ሐ. በአካባቢያችሁ የሚገኘውን አንድ ጥንታዊ ግንብ፣ ድልድይ ወይም ሌላ ሥራ መርጣችሁ፣ ማን፣ መቼና ለምን እንዳሠራው ሽማግሌዎችን በመጠየቅ ከሦስት አንቀጽ ያላነሰ ድርሰት ጻፉ።